ድምፅ የሌለው አሮጌ መኪና

ኤሌክትሪክ አዲስ አበባ የገባው ከመኪና ቀድሞ ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. ገደማ አምፖል ሲበራ፣ ከተማይቱ ገና አውቶሞቢል የሚባል ነገር አላየችም። የመጀመሪያው መኪና የመጣው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ዳገቱን እየታገለ ለንጉሠ ነገሥቱ አደረሰው። በዚያ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች በባትሪ የሚሄዱ መኪኖች ከቤንዚኖቹ ጋር ይፎካከሩ ነበር። እንዲያውም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያው የሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በፈረንሳይ አገር የተፈተነው መኪና የኤሌክትሪክ ነበር። ለእኛ የደረሰን ግን ቤንዚን ጠጪው ነው።

ቤንዚኑ ደግሞ እስከ ዛሬ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. ዋጋው ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥት ጭማሪውን ለመቀነስ ቢገደድም ዙፋኑ ከዚያ ወዲያ አልረጋም። በ2017 ዓ.ም. አንድ ሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ ማንም ሰልፍ አልወጣም። ብዙ ሰው የሄደው ወደ መኪና ደላላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አሮጌ መኪና አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። በአዲስ አበባ ግን ሰውዬው አምስት ዓመት ነድቶት፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አመላልሶበት፣ ከገዛበት በላይ ይሸጠዋል። የመንግሥት ሠራተኛው ጡረታውን፣ ነጋዴው ትርፉን በቶዮታ ሲያስቀምጥ የኖረው ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ሲጥል፣ ቀድሞ የገቡት ይበልጥ ተወደዱ። ይህ ሁሉ የቆመው ግን በጋራዡ ትከሻ ላይ ነበር። ቮልስዋገኑን፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀባውን የፊያት ታክሲ፣ ኋላም ኮሮላውንና ቪትዙን በሕይወት ያኖረው፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ቀጥቅጦ የሚሠራው መካኒክ ነው። ገዥም የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ከአባት የወረሳቸው ነበሩ፦ ዘይት ይበላል? ሞተሩ ተከፍቷል? ጭሱ ምን ዓይነት ነው?

በጥር 2016 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተገለጸ። ኢትዮጵያ በዚህ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት። ለኤሌክትሪኮቹ ቀደም ብሎ የኤክሳይስ፣ የሱርና የተጨማሪ እሴት ታክስ ተነሥቶላቸው ስለነበር መንገዱ በቢዋይዲና በአይዲ ፎር ተሞላ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ደግሞ ነገሩ የተሟላ መሰለ፤ ውሃው የኛ፣ መብራቱ የኛ።

ልደታን የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ይጠራጠራል። ቦሌ ሳይከፈት በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ሰፈር ነበር፤ አዲስ ማሽን ሲመጣም ሲሄድም ለማየት ልደታ እንግዳ አይደለችም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም፣ የምሥራቅ ምዕራብ መስመሩ ከጦር ኃይሎች ወደ አያት ሲሄድ በዚህች ሰፈር ያልፋል። እሱም ኤሌክትሪክ ነው። ባቡሮቹ 41 ነበሩ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙዎቹን ያቆማቸው በዋናነት የመለዋወጫ እጦት ነው። መብራት ቢኖርም ባቡር ይቆማል። ለእኔ የኤሌክትሪክ መኪና ገዥ ሊያጠናው የሚገባው ታሪክ ከግድቡ ይልቅ ይህ ነው።

በኮንዶሚኒየሞቹ የሚኖር ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ገመድ ነው። መኪናው ከታች፣ ቆጣሪው ከላይ። ከተራ የግድግዳ ሶኬት የሚሞላ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ እስኪሞላ ከ20 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህ በትዕግሥት ይታለፋል። ከባዱ ባትሪው ራሱ ነው። የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ እሱ ሆኖ ሳለ፣ እርጅናው በጆሮ አይሰማም፤ አይጨስም፣ ዘይትም አይበላም። አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጡለታል። ይሁንና ለቻይና ገበያ ተሠርቶ በነጋዴ እጅ የመጣ መኪና ዋስትናው አብሮት ድንበር መሻገሩ አጠራጣሪ ነው። የሰፈሩ መካኒክ እንደ ሞተር ከፍቶ አያየውም፤ ሊከፍተውም አይገባም፣ ኃይሉ ይገድላል። እንግዲህ መኪናን እንደ ወርቅ ያስቀመጠ ትውልድ፣ ቆሞም እያለ የሚያረጅ ንብረት ገጥሞታል።

ስለዚህ አዲስ ዓይነት ገዥ ብቅ እያለ ነው። የባትሪውን ጤና በመቶኛ የሚያነብ መሣሪያ የያዘ ልጅ አስከትሎ ይመጣል። አንዳንዱም «አዳማ ደርሼ ልመለስ» ይላል። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲወርዱ መኪናው ፍሬን በያዘ ቁጥር ባትሪውን መልሶ ስለሚሞላ ማንኛውም አሮጌ አዲስ ይመስላል። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ የደከመ ባትሪ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ደላሎች ይህን ገዥ አይወዱትም።