የኤሌክትሪክ ጊታርን ከተዘጋጁ ክፍሎች ስለ መገጣጠም

የኤሌክትሪክ ጊታር አገጣጠም፦ አካሉ፣ አንገቱ፣ ድልድዩ፣ ፒክአፑና መቃኛ ቁልፎቹ ለየብቻ ተሠርተው የሚሸጡትን ጊታር አንድ ጀማሪ በገዛ እጁ አስማምቶ፣ ቀብቶና ክር ወጥሮ የዜማ መሣሪያ የሚያደርግበት ጥበበ እድ ነው። ቫዮሊን ወይም ቦክስ ጊታር መሥራት ከሊቀ ጠበብት እግር ሥር ለብዙ ዘመን መቀመጥን የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ ይህኛው ለጀማሪ የተቻለው፣ ድምፁ በዋናው የሚወለደው ከስስ የእንጨት ሣጥን ሳይሆን ከክሩና ከማግኔቱ በመሆኑ፣ ደግሞም መሣሪያው ከጥንተ ፍጥረቱ ተፈትቶ እንዲገጠም የታሰበ በመሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በሽቦ ጥቅል አጠገብ የማግኔት ኀይል በተለዋወጠ ጊዜ በሽቦው ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሣል። ፒክአፕም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም፤ ከራስ ፀጉር የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ሲሆን፣ በላዩ የተወጠረው የብረት ክር በተንቀጠቀጠ ቁጥር የማግኔቱ መስክ ይናወጣል፣ ከዚያም የተነሣው ደካማ ሞገድ በአምፕሊፋየር በርትቶ ድምፅ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጊታር ላይ የናይለን ክር የወጠረ ሰው የሚሰማው ዝምታን ነው። ስልቱን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ለሥራ ያበቁት ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር ናቸው።

ጀማሪው የሚገጣጥመው ጊታር ግን አባቱ ሌላ ነው። ሊዮ ፌንደር ትምህርቱ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ መተዳደሪያው ሬዲዮ ጥገና የነበረ፣ ጊታር መምታትም የማያውቅ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ በፉለርተን ከተማ በ1950 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው ጊታር አንገቱ በኮላ ከአካሉ ጋር የተዋሐደ ሳይሆን በአራት ቪት የታሰረ ነበር። መሣሪያው ብሮድካስተር ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ግሬች የተባለው ፋብሪካ ይህን የመሰለ ስም ለከበሮዎቹ ይጠቀምበት ስለ ነበረ በ1951 ቴሌካስተር ተብሎ ተሰየመ፣ በ1954ም ስትራቶካስተር ተከተለው። ተወዳዳሪዎቹ የጀልባ መቅዘፊያ እያሉ እንደ ዘበቱበት ይነገራል። የተበላሸው ክፍል ወጥቶ በሌላ ይተካ የሚለው አሳብ ግን የሬዲዮ ጠጋኝ አሳብ ነው፤ ጊታር መምታት የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ለመሣሪያው ከነበረው አክብሮት የተነሣ ይህን ያህል ባልደፈረም ነበር።

አካሉ ብዙውን ጊዜ ከአሽ ወይም ከአልደር፣ አንገቱ ከሜፕል እንጨት ይሠራል። ስለ እንጨት ዓይነት በነጋዴዎች ዘንድ የሚወራው ብዙ ቢሆንም ጀማሪውን ሊያስጨንቀው የሚገባው ልኬት ነው። በክራርና በበገና እያንዳንዱ ክር ለአንድ ድምፅ ተቃኝቶ ስለሚመታ ይህ ጭንቀት የለም፤ በጊታር ግን አንዱ ክር በጣት እየተጫነ ከሃያ የሚበልጥ ድምፅ ስለሚሰጥ የርዝመት ስሕተት በሁሉም ላይ ይዘራል። በፌንደር ልክ ክሩ ከአንገቱ ጫፍ እስከ ድልድዩ 648 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ፍሬት ከሚባሉት በአንገቱ ላይ ከተተከሉት አግዳሚ ብረቶች የመጀመሪያው በ36.4 ሚሊሜትር ላይ ይውላል፤ ከዚያ ወዲህ ክፍተቱ በተወሰነ ሥርዓት እየጠበበ ሄዶ 12ኛው ፍሬት ርዝመቱን ከእኩሌታው፣ ማለት ከ324 ሚሊሜትሩ ላይ ይከፍለዋል። ፍሬቶቹ በፋብሪካ ተተክለው ስለሚመጡ ለጀማሪው የሚቀረው ድልድዩን ከ12ኛው ፍሬት በዚያው ርቀት ላይ፣ ክሩ ሲጫን ስለሚወጠር ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ኋላ መሸሽ እንዲችል አድርጎ ማኖር ነው። ጊብሰን በተባለው ፋብሪካ ልክ የተሠራ 628 ሚሊሜትር ያህል የሆነ አንገት ገዝቶ ለ648 በተበሳ አካል ላይ ያሰረ ሰው፣ መቃኛውን ቀኑን ሙሉ ቢያዞር ቅኝቱን አያገኘውም።

ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ቪቱ ከመግባቱ በፊት ያለው ሰዓት ነው። አንገቱ በማረፊያው ላይ በመያዣ ብረት ለጊዜው ይጠበቅና፣ ከሁለቱ ዳር ያሉት ክሮች በሚያልፉበት መሥመር ሁለት ቀጭን የስፌት ክሮች እስከ ድልድዩ ይወጠራሉ፤ ክሮቹ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ጠርዝ እኩል ርቀው ከታዩ አንገቱ ቀንቷል፣ አንዱ ወደ ጠርዙ ከተጠጋ ግን አንገቱን በጣት ገፋ አድርጎ እንደ ገና ማየት ያስፈልጋል። ሜፕል ጠንካራ እንጨት በመሆኑ ቀድሞ ያልተበሳ እንደ ሆነ ወይ ይሰነጠቃል ወይ የቪቱን ራስ ይቈርጣል፤ ስለዚህ ቀዳዳው ይበሳል፣ ከመሰርሰሪያው ላይም የጥልቀቱ ልክ በፕላስተር ይታሰራል፣ የቪቱም ጥርስ ደረቅ ሳሙና ይቀባል። ይህን ንቆ የጣት ሰሌዳውን ወዲያ ማዶ የበሳ ጀማሪ ብዙ ነው። ቀለምን በሚመለከት የእንጨት ዘይት ይበቃል፤ የናይትሮ ቫርኒሽ እስኪጠነክር ሳምንታት የሚያስጠብቅ የትዕግሥተኞች ሥራ ነው።

የሽቦው ሥራ ከመልኩ ይልቅ ቀላል ነው። ከፒክአፑ የመጣው ሽቦ ወደ ድምፅ መጠን መቆጣጠሪያው፣ ከዚያ የገመዱ መሰኪያ ወደ ሆነው ጃክ ይሄዳል፤ መቆጣጠሪያው ባለ አንድ ጥቅል ለሆነው ፒክአፕ 250 ሺህ ኦም፣ ሐምበከር ለሚባለው ባለ ሁለት ጥቅሉ 500 ሺህ ኦም መሆኑ የተለመደ ነው። ጀማሪ የሚረሳው ከድልድዩ ሥር የሚያልፈውን የመሬት ሽቦ ነው፤ ክሮቹን በእጅ ሲነኩ የአምፕሊፋየሩ እምምታ ጸጥ ካለ ሽቦው በሥርዓቱ ተይዟል። ክር ከመወጠሩ በፊትም አምፕሊፋየሩን ከፍቶ የፒክአፑን ራስ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ አድርጎ መንካት ይገባል፤ ኳ የሚል ድምፅ ካልተሰማ ስሕተቱ የሚፈለገው ያን ጊዜ ነው።

ሽቦ አለማወቅ እንኳ ፍጹም እንቅፋት እንደማይሆን ጊታር መቺው ኤዲ ቫን ሄለን ምስክር ነው፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ጉድለት ያለበትን አካል በ50 ዶላር፣ አንገቱን በ80 ዶላር ገዝቶ፣ ከጊብሰን ጊታር የነቀለውን ሐምበከር ከገጠመበት በኋላ፣ የቃና መቆጣጠሪያውን አገጣጠም ስላላወቀ ትቶት አንድ ቁልፍ ብቻ አኖረ፤ በ1978 የወጣው፣ በስሙ የተጠራው ባንድ የመጀመሪያ አልበም ሲቀዳም ይኸው መሣሪያ አገልግሏል። በአንጻሩ እንግሊዛዊው ጊታር መቺ ብራያን ሜይ ከ1963 ጀምሮ ከአባቱ ጋር ከአሮጌ ምድጃ ማሆጋኒና ከሞተር ብስክሌት ስፕሪንግ ጊታር ሠራ፤ እርሱም ቢሆን በመጨረሻ ፒክአፑን ከገበያ ገዛ።

ክሮቹ ሲወጠሩ በአንገቱ ላይ 45 ኪሎግራም ያህል ጭነት ስለሚወድቅ አንገቱ ወደ ፊት ይደገናል፤ ይህን የሚቃወመው በውስጡ የተቀበረው ብረት ነው። አንዱን ክር ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ፍሬት ላይ ጭነው በ7ኛው ፍሬት አካባቢ ቢመለከቱ፣ የሩብ ሚሊሜትር ያህል ብርሃን ሊታይ ይገባል፤ ብርሃኑ ከበዛ ብረቱ በሩብ ዙር እየጠበቀ፣ ከጠፋ እየላላ ይስተካከላል። ከዚህ በኋላ በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ የሚሰማው ድምፅ እዚያው ላይ ክሩን በመንካት ብቻ ከሚወጣው ለስላሳ ድምፅ ጋር ይነጻጸራል፤ የተጫነው ከፍ ካለ የድልድዩ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ይገፋል፣ ስድስቱም ክሮች እንዲሁ በየተራ ይታያሉ። አዲስ አንገት ጭነቱን እስኪለምድ ድረስ ይህ ልኬት ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ከዚያም ወቅቱ ከዝናብ ወደ በጋ በተለወጠ ጊዜ እንደ ገና ይደረጋል።