የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ በምዕራብ ሸዋ

የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ በምዕራብ ሸዋ ሲባል በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶ፣ በባኮና በጎጆ ያሉ ወጣቶች ወደ ኮምፒዩተር፣ ኔትወርክና ሶፍትዌር ሥራ የሚገቡባቸውን መንገዶች ያጠቃልላል። የዞኑ ዋና ከተማ አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የጀልዱ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጎጆ ግን በአምቦ በኩል ወደ ነቀምት ከሚወስደው አውራ ጎዳና ወጣ ያለች ናት። በጽሑፍ የሚገኘው መረጃ ባመዛኙ የመንግሥት ትምህርት ተቋማትን ይመለከታል። ብዙዎች መጀመሪያ እጃቸውን የሚያፍታቱባቸው የጽሕፈትና የጥገና ሱቆች በሰነዶች ውስጥ እምብዛም አይነሡም፤ ይህም የሙያውን ታሪክ ጎደሎ ያደርገዋል።

አመጣጥ

በትናንሽ ከተሞች ከኮምፒዩተር ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚው «ኮምፒዩተር ጽሕፈት» ሳይሆን አይቀርም፦ ማመልከቻ መጻፍ፣ የትምህርት ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ማድረግ፣ ላሚኔሽን፣ የሠርግ ጥሪ ማዘጋጀት። ሥራው እንዲኖር አስቀድሞ የግእዝ ፊደል ኮምፒዩተር ላይ መግባት ነበረበት። ይህን ማን ቀድሞ አደረገው የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በአንድ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ዳሽን ኢንጂነሪንግን ያቋቋሙት ፍስሐ አጥላው ይጠቀሳሉ። በሌላ ወገን፣ በእንስሳት ሕክምና የሠለጠኑት ዶክተር አበራ ሞላ በዚያው አሥርት ዓመት ያዘጋጁት ሶፍትዌር ቀዳሚ እንደሆነ ሲገልጹ ቆይተዋል፤ ኋላም በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝተዋል። በአገር ውስጥ ደግሞ «አጋፋሪ» የተባለው ፕሮግራም ይነሣል። ክርክሩ በቀላሉ የማይቋጨው ተከራካሪዎቹ «መጀመሪያ» የሚሉት ነገር አንድ ስላልሆነ ይመስላል። ፊደሉን ስክሪን ላይ ማሳየት፣ በወረቀት ማተም፣ ለገበያ ማቅረብና የፊደሉን አወካከል ወጥ ማድረግ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ባለቤቶቻቸውም ሊለያዩ ይችላሉ።

ለሱቅ ጸሐፊዎች ይበልጥ የከበደው የፕሮግራሞቹ አለመግባባት ነበር። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ ደንበኛም ፋይሉን ለማሳረም የግድ ወደ መጀመሪያው ሱቅ ይመለስ ነበር። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ መግባቱና እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መምጣቱ ችግሩን አቃለሉት፤ የቀድሞዎቹ ፋይሎች ግን ለረጅም ጊዜ ከየቢሮው አልጠፉም።

ምዕራብ ሸዋ እዚህ ላይ የተለየ ጠባይ አለው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ በላቲን ላይ በተመሠረተው ቁቤ ስለሚጻፍ፣ የወረዳና የዞን ደብዳቤ ያለ ምንም ተጨማሪ ሶፍትዌር በተራ ኪቦርድ ይጻፋል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚላከው ማመልከቻ ደግሞ አማርኛ ይፈልጋል። ስለዚህ የአምቦ ጎበዝ ጸሐፊ በሁለቱም ፊደል ዓይኑን ከስክሪን ሳይነቅል የሚጽፍ ነው። ይህ ሁለት ቋንቋና ሁለት ፊደል የሚጠይቅ ክህሎት እንደ ዝቅተኛ ሥራ መቆጠሩ ተገቢ አይደለም።

ትምህርት

የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ነው፤ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በ2003 ዓ.ም. ነው። የቴክኖሎጂ ትምህርቱ የሚሰጠው በአምቦው ተወላጅ ድምፃዊ በሃጫሉ ሁንዴሳ ስም በተሰየመው ግቢ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ አገር አቀፍ በመሆኑ፣ የጎጆ ተማሪ አምቦን ቢመኝም ሌላ ክልል ሊደርሰው ይችላል፤ የአምቦ ክፍሎችም ከሩቅ በመጡ ተማሪዎች ይሞላሉ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል።

ይሁንና ዩኒቨርሲቲ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ከቀሩት ከፊሎቹ በሪሚዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ወደ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድል ያገኛሉ፤ ሌሎች ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ያመራሉ። እዚያም በሃርድዌርና ኔትወርክ ወይም በዌብና ዳታቤዝ በደረጃ ሠልጥነው ለ«ሲኦሲ» የብቃት ምዘና ይቀርባሉ። ኮምፒዩተር ለፈታታና ኬብል ለዘረጋ ወጣት ይህ መንገድ ከዩኒቨርሲቲ የወረደ ሳይሆን ለሥራ የቀረበ ነው።

የሥራ ዘርፎች

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም የተዘረጋው ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በኔትወርክ ሲያገናኝ የአይሲቲ ባለሙያ በየወረዳው ያስፈልግ ጀመር። ባንኮች በየከተማው ቅርንጫፍ ቢከፍቱም ዋናው ሲስተም የሚመራው ከአዲስ አበባ ስለሆነ፣ ቅርንጫፉ ከፕሮግራመር ይልቅ ገንዘብ ተቀባይ ይፈልጋል። ፕሮግራመር መሆን የሚሻ የዞኑ ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው።

የርቀት ሥራ

ከቤት ሆኖ ለሩቅ ቀጣሪ መሥራት ወደ አዲስ አበባ የሚደረገውን ፍልሰት ሊያስቀር ይችላል ተብሎ ይታመናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በፕሮግራሚንግ፣ በዳታ ሳይንስና በአንድሮይድ ነጻ የኦንላይን ሥልጠና ይሰጣል። ሥልጠናው ግን ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተዘግቶ ነበር፤ ሥራውን በቀነ ገደብ ለሚያስረክብ ሰው እንዲህ ያለው መቋረጥ ደንበኛን ሊያሳጣ ይችላል።

የሞባይል ጥገና

የሞባይል ጥገና ባመዛኙ ከባለ ሱቅ ሥር ሆኖ በማየትና በመሞከር የሚለመድ ሙያ ነው። ስክሪን መቀየር፣ የቻርጀር መሰኪያ መበየድና ስልክ ፍላሽ ማድረግ (ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን) ዋና ዋና ሥራዎቹ ናቸው።