በበረዷማ ተራሮች የሚካሄድ የብርቅዬ ሥጋ በሎች አሰሳ

የደን ሥጋ በሎች አሰሳ እንደ ዎልቨሪን፣ ፊሸር፣ ማርተንና የካናዳ ሊንክስ ያሉ ቁጥራቸው የተመናመነና ከሰው የሚሸሹ አዳኝ እንስሳት በአንድ ተራራማ ደን መኖር አለመኖራቸውን የሚያጣራ የመስክ ጥናት ነው። ከእነዚህ ዎልቨሪን ትንሽ ድብ ይመስላል፤ ሴቷ የምትወልደው በጥልቅ በረዶ ውስጥ በቆፈረችው ጉድጓድ ነው፤ አንዱ ወንድ ብቻውን በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያካልላል። ከአላስካ በስተደቡብ ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች የቀሩት 300 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። እንዲህ ያለውን እንስሳ ፈልጎ ማጣት የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድ አሰሳ ሊመዘን የሚገባው፣ እንስሳው እዚያ ቢኖር ኖሮ የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል ነበር በሚለው ነው።

በምዕራብ ሰሜን አሜሪካ ባሉት የሮኪና የካስኬድ ተራሮች ሥራው በበረዶ ወራት የሚካሄደው በምክንያት ነው፤ ድቦች ተኝተው ስለሚከርሙ እንስሳውን ለመሳብ የሚሰቀለውን ሥጋ አይቀሙም፣ በረዶውም ዱካ ይይዛል። ዱካ ግን ያሳስታል፦ ፀሐይ ሲያሟሟው ይሰፋል፣ አዲስ በረዶ ሲጥል ይደፈናል፤ የፊሸርንና የማርተንን ኮቴ መለየት ልምድ ላለውም ያዳግታል። በመሆኑም ባለሙያዎች እንስሳው ራሱ ማስረጃ ትቶ እንዲሄድ ያደርጋሉ። የአጋዘን እግር ወይም የቢቨር ሥጋ ከዛፍ ግንድ ላይ በሽቦ ይታሰራል። ከሥሩ የጠመንጃ አፈሙዝ መወልወያ የነሐስ ብሩሾች ግንዱን ዙሪያውን ይገጠሙበታል፤ ፊት ለፊት ባለው ዛፍ ደግሞ በሙቀትና በእንቅስቃሴ የሚሠራ ካሜራ ይታሰራል። ሥጋው የሚሰቀለው በረዶው እስከ የት ሊከመር እንደሚችል ታስቦ ነው፤ ዝቅ ካለ ይቀበራል፣ ወይም እንስሳው ብሩሹን ሳይነካ ይደርስበታል። ግንዱን ሲወጣ ብሩሹ ላይ በሚቀረው ፀጉር ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ዝርያውን፣ ብዙ ጊዜም የትኛው እንስሳ እንደሆነ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካሊፎርኒያ ታሆ ብሔራዊ ደን ለማርተን የተተከለ ካሜራ ዎልቨሪን አነሳ፤ በግዛቱ ከዚያ በፊት የተረጋገጠው የመጨረሻ መረጃ የ1922 ነበር። ፎቶው መኖሩን ብቻ ነው ያረጋገጠው። ሲሸሸግ የኖረ የካሊፎርኒያ ዘር ሳይሆን ከሮኪ ተራሮች የመጣ መሆኑን የነገረን ዲኤንኤው ነው።

አለመገኘትን በቁጥር መግለጽ ይቻላል። እንዲህ ሥጋ፣ ብሩሽና ካሜራ የተገጠመለት አንድ ጣቢያ በአካባቢው ያለን እንስሳ በአንድ ወር ውስጥ የማግኘት ዕድሉ 30 በመቶ ነው እንበል። ከወሩ በኋላ እንስሳው እያለ የመታለፉ ዕድል 70 በመቶ ነው፤ ከአምስት ወር በኋላ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 እና 2017 የበረዶ ወራት ሞንታና፣ አይዳሆ፣ ዋዮሚንግና ዋሽንግተን በጋራ ያካሄዱት የዎልቨሪን አሰሳ የቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው። ተራሮቹ 15 በ15 ኪሎ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ተከፋፈሉ፤ ካሜራና ፀጉር መያዣ ያላቸው ጣቢያዎችም በተደጋጋሚ ተጎበኙ። ያመለጠውም ስለተሰላ፣ ወደፊት የሚደረግ አሰሳ ከዚህ ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

አዳኞችና የአገሬው ሰዎች አየን ካሉ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚሉ አሉ። የሰው ምስክርነት የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ነገር ግን እንስሳው ብርቅ በሆነ ቁጥር ከትክክለኛው ይልቅ የተሳሳተው ጥቆማ ይበዛል። ተመራማሪዎቹ ማክኬልቪ፣ ኦብሪና ሽዋርዝ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ስለ ፊሸር የተነገሩ የዓይን ምስክርነቶች ከተረጋገጠው እጅግ የሰፋ ስርጭት እንደሚያሳዩ፣ ይህም መመናመኑን እንደሚሸፍን አመልክተዋል። ማባበያ የእንስሳውን አካሄድ ያዛባል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ጥያቄው እንስሳው የትኛውን የደን ዓይነት ይመርጣል የሚል ከሆነ ተቃውሞው ልክ ነው፤ በዚህ ሰፊ ካሬ ውስጥ አለ ወይስ የለም ለሚለው ግን ያን ያህል አይጎዳም። ጣቢያዎቹን ለመጎብኘት የሚወጣው ወጪና የበረዶ ናዳ ስጋትም እየቀለለ ነው፦ ሽታ በየጊዜው የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ጣቢያውን ወራቱን ሙሉ ያለ ጎብኚ ያቆየዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናትም ከዱካ ላይ ከተዛቀ በረዶ የሊንክስን ዲኤንኤ ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል።

በእነዚህ ተራሮች ላይ ዛፍ ለመቁረጥ ወይም የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ለመገንባት ፈቃድ የሚሰጥ አካል «አልተገኘም» የሚል ሪፖርት ሲቀርብለት፣ ስንት ጣቢያ ለስንት ሳምንት እንደቆመና ስንቱ ሳይበላሽ እንደሠራ ካልተጻፈበት ሊቀበለው አይገባም።