መሬቱ በአንድ ቀን፣ ጓዳው በ25 ዓመት

ባለፈው ወር እቁባችንን ጥለን ቡና ስንጠጣ ክርክር ተነሣ። አንዷ አባላችን «በዚህ አገር ያለ አብዮት የተለወጠ ነገር አለ እንዴ?» አለች። ሁለት ወንድሞቿን በቀይ ሽብር ያጣችው እህታችን ሲኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። ነገሩ ሳያልቅ ስለመሸብን፣ ከዚያ በኋላ የተነጋገርነውን ጨምረን ለዚህ ዕትም ጽፈነዋል።

የመሬቱን ነገር እናስቀድም። በዕድሜ የገፉት አባሎቻችን ጭሰኝነትን ያስታውሱታል። በተለይ በደቡብ፣ ጭሰኛው ካመረተው እስከ ግማሹን ለባለመሬቱ ያስረክባል፤ ባለመሬቱ ሲያሻው ያስነሣዋል። ይህ በሰላም እንዲለወጥ አልተሞከረም አይባልም። በየካቲት 1957 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። ራሱን የቻለ የመሬት ሚኒስቴርም ተቋቋመ። የጭሰኞችን ውል የሚያሻሽል ረቂቅ ሕግ ከአንድ ጊዜ በላይ ለፓርላማ ቀርቦ አልጸደቀም። እንዴትስ ይጸድቃል? እጅ ከሚያወጡት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩ። የገዛ ጎተራውን የሚቀድ ማን አለ?

በየካቲት 1966 ታክሲ ነጂዎች ቤንዚን ተወደደ ብለው መኪናቸውን አቆሙ፤ መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አመፀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 25 ቀን፣ አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ አደረገ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር፣ ማለትም ከሩብ ጋሻ፣ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ። ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ከእኛ መካከል ዛሬም በቀበሌ ቤት የምንኖረው በዚያ አዋጅ የተነሣ ነው። ፓርላማው በዓመታት ያልቻለውን ወታደሩ በአንድ ቀን አደረገው። ይህን አንክድም።

ዋጋውንም አንክድም። ደም ሳይፈስ ይሆናል የተባለው ለውጥ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር መጣ። ስንቅ ይዛ እስር ቤት ደጃፍ የምትሰለፍ እናት «ከእንግዲህ አታምጪ» ስትባል መርዶዋ ያ ነበር። ለጥይቱ ክፈሉ የተባሉም ነበሩ። የእህታችን እናት በግልጽ ማልቀስ ስላልተፈቀደላቸው ጓዳ ገብተው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የሚያለቅሱት። አንድ ነገር ግን ልብ እንበል፤ የመሬቱ አዋጅ የወጣው ከቀይ ሽብር ሁለት ዓመት ገደማ አስቀድሞ ነው። የእነዚያ ልጆች መሞት ለአንድም ጭሰኛ አንድ ጥማድ አልጨመረለትም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አዋጅ ቁጥር 31 ማረስ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ፣ መሬት ይሰጠዋል ይላል። ቃሉ መልካም ነበር። ነገር ግን የሚያድለው የገበሬ ማኅበሩ ነው፤ በመዝገቡ የሚሰፍረውም በአብዛኛው አባወራው ነው። ባለትዳር ሴት በባሏ ስም ሥር ገባች፤ ስትፋታ ብዙ ጊዜ ከመሬቱም ወጣች። (አዋጁ በቅጥር ማሳረስን ሲከለክል ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ግን ለይቶ ፈቅዶላታል። ሴት በሬ እንደማትጠምድ ሕግ አውጪዎቹም ያውቁ ነበር ማለት ነው።)

የጓዳውን ሕግ ደግሞ ማንም አልነካውም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፤ ሚስት ትታዘዘዋለች፤ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችላለች። ዙፋን የገለበጠው አብዮት ይህን አልገለበጠም። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጥሮናል፤ ውለታውን አንረሳም። በአኢሴማ ሰልፍም ወጥተናል፤ መፈክር አሰምተን ቤት ስንገባ ግን አባወራው በሕግ አለቃችን ነበር።

ይህ የተለወጠው ሰኔ 27 ቀን 1992 በወጣው በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሴት የሕግ ባለሙያዎች ተደራጅተው፣ አንቀጽ በአንቀጽ እየተከራከሩ፣ ያለ አንዲት ጥይት። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ። በአማራ ክልል ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሬት ይዞታ ደብተር በባልና በሚስት ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበት ይሰጥ ጀመር። ጎጃም ያሉት የአንዷ አባላችን እናት በሕይወታቸው መጀመሪያ ፎቶ የተነሡት ለዚያ ደብተር ነው። የሣጥኑን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አስረው ይውላሉ።

የሰላሙንም መንገድ አናጋንን። ሁለት ስም የተጻፈበትን መሬት የሕዝብ ያደረገው የ1967ቱ አዋጅ ነው። የሴቶችን መብት በአንቀጽ 35 ያሰፈረው የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም የመጣው ረጅም ጦርነት ካለቀ በኋላ ነው። ክርክሩን የጀመረችው አባላችን በዚህ ልክ ናት እንላለን፤ ሕግ አውጪው ራሱ ባለመሬት ሲሆን ደጅ ጥናት ብቻውን አልበቃም። ግድያው ግን ያስፈልግ ነበር በሚለው አንስማማም። ጓዳውም በአዋጅ ነጋሪት የሚለወጥ አልሆነም። ባላባት ይሰደዳል፤ ባል ማታ ይመለሳል፤ የልጆቻችን አባት ነው።

አሁን ስለ ወረቀታችን። ስንጠያየቅ፣ በትዳር ያፈሩት ቤት ካርታው በባል ስም ብቻ የሆነባቸው አባላት አግኝተናል። አንዷ ስሟ እንዲጨመር ብትጠይቅ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተብላ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። የቤተሰብ ሕጉ ግን፣ ባል የግሌ ነው ብሎ ካላስረዳ በቀር፣ በአንዱ ስም የተመዘገበም ንብረት የጋራ ነው ይላል። ለሚቀጥለው ስብሰባ የካርታና የጋብቻ ምስክር ወረቀት ቅጂ ይዛችሁ ኑ። አራተኛውን ጊዜ አብረናት እንሄዳለን።