ጠገራ ብርዎ የት ተመታች?

በቤትዎ ሳጥን ውስጥ ወይም በእናትዎ የአንገት ጌጥ ላይ አንዲት ጠገራ ብር ካለች እስቲ ያውጧትና ወደ ብርሃን ያስጠጓት። በአንድ ፊቷ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር ይታያል። በንስሩ ዙሪያ ባለው ጽሑፍ ውስጥ 1780 የሚል ቁጥር ያገኛሉ። ይህን ቁጥር ግን አይመኑት።

ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው በ1780 እ.ኤ.አ. ነው። ብሯ ግን በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ እጅግ ተወድዳ ነበር። የመን «ሪያል ፈራንሲ» ይላታል፤ የእኛ ሰው «ማርትሬዛ»። ገበያው የለመዳትን መልክ እንጂ ሌላ ስለማይቀበል፣ ያው ዓመት እንደተጻፈባት ስትመታ ኖረች። ቪየና ዛሬም ትመታታለች።

ታዲያ ትክክለኛ ዕድሜዋ በምን ይለያል? በጥቃቅኑ ነገር ነው። ብር የሚመታው በተቀረጸ ብረት ነው። ብረቱ ሲደክም ሌላ ይቀረጻል፤ ቀራጩ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ትስታለች፣ አንዲት ላባ ትወፍራለች። የድሮ ነጋዴዎች ይህን በዓይናቸው ያውቁት ነበር። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥራሉ፤ ዘጠኝ ካልሞሉ ብሩን ይመልሱታል። ከምስሏ ሥር ያሉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ ሁለት ፊደላትም ጥርት ብለው ካላዩ እሺ አይሉም። ፊደላቱ ሾብልና ፋቢ የተባሉ የጉንዝቡርግ ብር ማምረቻ ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። ሰዎቹ ካለፉ ዘመናት ቢቆጠሩም ፊደላቸው እስከ ዛሬ ይመታል!

ነገሩ የሚከብደው 1935 እ.ኤ.አ. ላይ ነው። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ፣ ብሯን የመምታት መብት ከነመምቻው ከኦስትሪያ ወሰደ፤ ሮምም በሚሊዮን የሚቆጠር መታች። እዚህ የሚገዛበትና የሚከፍልበት ሌላ ገንዘብ ሰው አይቀበለውምና። በ1936 ለንደን የራሷን መምቻ አስቀርጻ መምታት ጀመረች። በ1940 እና በ1941 ደግሞ ቦምቤይ መታች፤ ጣልያንን ከምሥራቅ አፍሪካ ለማስወጣት የተደረገው ዘመቻም በዚችው ብር ይከፍል ነበር። እንግዲህ በአንድ ክር ላይ ከተሰኩት ሁለት ብሮች አንዷ ከወራሪው ጋር፣ ሌላዋ እሱን ካባረረው ጦር ጋር የመጣች ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም «1780» ይላሉ።

አጉሊ መነጽር ይያዙና ብሮችዎን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያመሳክሩ። ከእጅ ወደ እጅ የዞረች ብር ቶሎ የሚፋቀው ከፍ ብሎ የወጣው የትከሻዋ ጌጥ ስለሆነ፣ ዕንቁዎቹ ካልታዩ ወደ ንስሩ ጅራት ይሂዱ። የላባዎቹን ቁጥርና አሰላለፍ፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ያለችውን የተጣመረች ጭረት፣ በፊደላቱ መካከል ያሉትን ነጥቦች ይዩ። ጠርዙንም አይርሱ፤ ከብረቱ ተነሥተው የተቀረጹት ፊደላት ከዳር የሚሸርፍ ሌባን ለማጋለጥ የተደረጉ ናቸው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ በአመድም በሎሚም አይፈትጓት። የሚፈልጉት ጭረት ከጥቁረቱ ጋር ይሄዳል።

ለማቅለጥ ቢወስዷት ጌጥ ሠሪው እነዚህን ሁሉ አይጠይቅዎትም። ሚዛኑ ላይ ያስቀምጣታል፤ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ ከስድስቱ እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው።