በመሐንዲስ ሒሳብ ያልገቡ ማኅበራት፦ የኒው ኦርሊንስ የመረዳጃ ክለቦችና ዐውሎ ነፋሱ

የመጽሔታችን አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጎርፍ መከላከያ ሥራዎች ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቀኝ ጊዜ ወዲያው በሐሳቤ የመጣችው የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ ነበረች። ይሁን እንጂ ስለዚያች ከተማ ግንብና ግድብ ብዙ የሙያ ባልደረቦቻችን ጽፈዋል። እኔ ግን ከግንቡ ጎን ለጎን ስለኖረውና በማናቸውም የንድፍ ወረቀት ላይ ስላልሠፈረው ሌላ መከላከያ ላወሳ ወድጃለሁ፤ ይኸውም የከተማይቱ ጥቁር ነዋሪዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው የመረዳጃና የመዝናኛ ክለቦች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኒው ኦርሊንስ በ1718 በፈረንሳዮች የተቆረቆረች ስትሆን በስተደቡብ የሚሲሲፒ ወንዝ፣ በስተሰሜን ደግሞ የፖንቻርትሬን ሐይቅ ይዋሰኗታል። የጥንት ነዋሪዎቿ ወንዙ በየዘመኑ ደለል እየከመረ በሠራው ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ ይሠፍሩ ነበር። ባልድዊን ዉድ የተባለው መሐንዲስ በ1913 ታላቁን ፓምፕ ከሠራ በኋላ ግን ረግረጉን ማድረቅ ስለተቻለ ከተማይቱ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ተስፋፋች። ውሃው የተመጠጠበት አፈር እየተኮማተረ ዝቅ አለ፤ ከዚህም የተነሣ የከተማይቱ ገሚስ ያህል ዛሬ ከባሕር ወለል በታች ይገኛል። ያው አንዱን ችግር ያስወገደ ፓምፕ ሌላውን ችግር ቀስ በቀስ ወለደ ማለት ነው። ጥቁሮች ከሠፈሩባቸው ቀበሌዎች ብዙዎቹ በዚሁ ዝቅተኛ መሬት ላይ ነበሩ።

የክለቦቹ ሥር ከፓምፑ እጅግ የቀደመ ነው። ፐርሲቬራንስ የተባለው የመረዳጃ ማኅበር ገና የባርነት ሥርዓት ሳይሻር፣ በ1783፣ እንደተመሠረተ ይነገራል። ባርነት በ1865 ከተሻረ በኋላ ደግሞ እንዲህ ያሉ ማኅበራት በየሠፈሩ ተበራከቱ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጥቁሮችን አይቀበሉም ነበር፤ ቢቀበሉም በተለየ ከፍተኛ ዋጋ ነው። ስለዚህ አባላቱ መዋጮ እያወጡ ሐኪምና መድኃኒት ቀማሚ በውል ይቀጥራሉ፤ አባል ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ድጎማ ይሰጣሉ፤ ሲሞትም የሣጥኑንና የቀብሩን ወጪ ይችላሉ። ለአባሎቻቸው የጋራ መካነ መቃብር የሠሩም አሉ። የማኅበራትንና የነጻ ወጪዎችን ገንዘብ ይዞ የነበረው፣ በኒው ኦርሊንስም ቅርንጫፍ የነበረው የፍሪድማን ባንክ በ1874 ከስሮ በተዘጋ ጊዜ ብዙ ቁጠባ ጠፍቷል፤ ማኅበራቱ ግን አልጠፉም። የአባላቱ መዝገብ ከባንኩ ደብተር ይልቅ ጸንቶ ቆየ።

ይህን ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም፤ በአጭር ቃል እድር ነው። እኛ ዘንድ ጡሩንባ ነፊው በማለዳ ሠፈሩን ይቀሰቅሳል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። እነርሱ ዘንድ ደግሞ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ይጠራል። ሬሳው ወደ መቃብር ሲሄድ ሙዚቀኞቹ በዝግታ የሐዘን መዝሙር ያሰማሉ፤ ሬሳውን ተሰናብተው ሲመለሱ ግን ዜማው ይለወጥና ሕዝቡ እየጨፈረ ይመለሳል። ከሙዚቀኞቹና ከማኅበሩ አባላት ኋላ የሚከተለው ሕዝብ «ሰከንድ ላይን»፣ ማለት ሁለተኛው ረድፍ፣ ይባላል። እድርተኛ ከቀብር ሲመለስ ቢጨፍር ዳኛው ምን ይል እንደነበር ለአንባቢ እተዋለሁ። «መዝናኛ» የሚለው ቃል በስማቸው ውስጥ ከ«መረዳጃ» ጋር ተጣምሮ የቆየው እንግዲህ ሁለቱ ነገሮች በኑሯቸው ውስጥ ባለመለየታቸው ነው።

ከነባሮቹ መካከል ያንግ ሜን ኦሊምፒያን በ1884 ተቋቁሞ እስከ ዛሬ ድረስ ይገኛል። በ1909 የጀመረው ዙሉ በ1916 በሕግ ተመዝግቧል፤ በ1949 በካርኒቫሉ ዕለት ንጉሡ አድርጎ ያነገሠውም የከተማይቱን ተወላጅ ታላቁን ሙዚቀኛ ሉዊ አርምስትሮንግን ነበር። እያንዳንዱ ክለብ በዓመት አንድ ጊዜ የራሱ እሑድ አለው። በዚያን ዕለት አባላቱ አንድ ዓይነት ልብስና ጫማ ለብሰው፣ የላባ ማራገቢያ ይዘው፣ ለአራት ሰዓት ያህል በሠፈራቸው ውስጥ እየጨፈሩ ይዞራሉ፤ በሚያውቋቸው ሰዎች ደጅና በየመጠጥ ቤቱ ይቆማሉ፤ ያረጀ አባል ካለ በበረንዳው ላይ ሳለ እጅ ይነሡታል። ለአላፊ አግዳሚው ይህ ጭፈራ ብቻ ነው። እኔ ግን በሙያዬ ዓይን ስመለከተው ዓመታዊ የመስክ ጉብኝት ሆኖ ይታየኛል። የትኛው ቤት ባዶ እንደቀረ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደምትኖር፣ የትኛው መንገድ ውሃ እንደሚይዝ የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ እውቀታቸውን በእግራቸው ያድሳሉ።

ወደ ዐውሎ ነፋሱ እንመለስ። በሴፕቴምበር 1965 ቤትሲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ የኢንዱስትሪያል ቦይ ግድብ ተደርምሶ «ሎወር ናይንዝ ዋርድ» የተባለው የጥቁሮች ሠፈር በሌሊት በውሃ ተዋጠ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በማግሥቱ መጥተው ተጎጂዎች በተጠለሉበት ትምህርት ቤት ውስጥ በባትሪ መብራት ሕዝቡን አነጋገሩ። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የከተማይቱን መከላከያ እንዲሠራ የጦር ሠራዊቱን የመሐንዲሶች ክፍል አዘዘ። ሥራው በ13 ዓመት ይፈጸማል ተብሎ የታቀደ ሲሆን ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2005፣ ገና አላለቀም ነበር።

ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና ደረሰች። ለሙያችን የሚያሳፍረው ክፍል እዚህ ላይ ነው። በ17ኛው ጎዳና ቦይ ላይ የነበረው ግንብ የተደረመሰው ውሃው ጫፉን ሳይደርስ ነበር። በግንቡና በአፈሩ መካከል በቦዩ በኩል ክፍተት ተፈጠረ፤ ውሃው በክፍተቱ ገብቶ ግንቡን ገፋው፤ ሥሩ ያለው ደካማ ሸክላ አፈርም ተንሸራተተ። በለንደን ጎዳና ቦይ ላይ ደግሞ ውሃው በአሸዋው ሥር ሰርጎ አለፈ። ከ50 በላይ በሆኑ ቦታዎች ግድቡና ግንቡ ተሰብሮ ከከተማይቱ 80 ከመቶ ያህሉ ተጥለቀለቀ። የመሐንዲሶቹ ክፍል ራሱ በ2006 ባወጣው ዘገባ መከላከያው ስሙ እንጂ ግብሩ ወጥ ሥርዓት እንዳልነበረ አምኗል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ የአቅርቦት ሥራ ለሚያውቅ ሰው እጅግ አስተማሪ ነው። በከተማይቱ የስብሰባ አዳራሽ ብዙ ሺህ ሰዎች ለቀናት ያለ ምግብና ውሃ ቆይተው ሳለ፣ የፌዴራሉ የአደጋ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጉዳዩን ገና በሴፕቴምበር 1 ቀን እንደሰሙ በቴሌቪዥን ተናገሩ። መሥሪያ ቤቱ ለተጎጂዎች ብሎ ካዘዘው በብዙ አሥር ሺህ ቶን የሚቆጠር በረዶ ውስጥ ታላቁ ክፍል በከባድ መኪና ተጭኖ በአገሪቱ ሲንከራተት ከርሞ ወደ ሩቅ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ገባ፤ ከፊሉ እስከ ሰሜን ምሥራቁ ጫፍ፣ እስከ ሜይን ግዛት ድረስ ተጉዟል። ገንዘብ አልጎደለም፣ መኪናም አልጎደለም። የጎደለው የተቀባዩ ስምና ደጅ ነበር። በአንጻሩ ከወንዙ ማዶ ጎርፍ ባላገኘው በአልጂየርስ ሠፈር ማሊክ ራሂም የተባሉ ነዋሪና ጥቂት ወዳጆቻቸው በአንድ ሳምንት ውስጥ 50 ዶላር ይዘው የእርዳታ ጣቢያ ከፈቱ፤ በመስጊድ ውስጥም ክሊኒክ ተቋቋመ። ይህ ክለብ አይደለም፤ ነገር ግን ጎረቤቱን በስሙ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ገንዘብ ምን ያህል ሊያሠራው እንደሚችል ያሳያል።

ክለቦቹስ? እውነቱን ለመናገር በዚያ ሳምንት ብዙ ሊያደርጉ የሚችሉበት ሁኔታ አልነበረም። መዋጮ የሚያወጣውም፣ መዋጮው የሚወጣለትም አንድ ሰው ሆነ፤ ሁሉም ተጎጂ ነውና። የመረዳጃ ማኅበር ስሌት በአንድ ጊዜ ጥቂቶች እንደሚቸገሩ ያስባል። ሁሉም በአንድ ሌሊት ሲቸገር ካዝናው ይደርቃል፤ ይህን የኢንሹራንስ ባለሙያዎች ቢሰሙት አይደነቁም። አባላቱ ወደ ሂዩስተን፣ ወደ አትላንታና ወደ ሌሎች ከተሞች ተበተኑ፤ የዙሉ አዳራሽም በጎርፍ ተመታ።

ነገር ግን የአባላት መዝገቡ ቀርቷል። ማን የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን እናት ገና እንዳልተገኘች በስልክ መጠያየቁ ማኅበሩን መልሶ ሰበሰበው። ጃንዋሪ 15 ቀን 2006፣ ከተማይቱ ገና ጨለማ ሳለች፣ ከ30 በላይ የሆኑ ክለቦች በአንድነት የጋራ ሰልፍ አደረጉ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ከሚርቀው ከሂዩስተን ድረስ መኪና እየነዱ የመጡ ነበሩ። ከዚያም ወዲህ ለብዙ እሑዶች እንዲሁ እየተመላለሱ ይጨፍሩ ነበር። ቤቴ ፈርሷል፣ ሥራ የለኝም፣ ልጆቼ በሌላ ግዛት ይማራሉ የሚል ሰው ለአራት ሰዓት ጭፈራ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱ በመጀመሪያ ሲታይ ግራ ያጋባ ይሆናል። ሰውዬው ግን የሚመጣው ሊጨፍር ብቻ አይደለም። ሠፈሩ ውስጥ ማን እንደተመለሰ፣ ማን ጣሪያ እንደሚጠግን፣ የት ውሃና ብርሃን እንደገባ የሚሰማው እዚያ ነው።

የከተማው አስተዳደር ግን እንዲህ አላየውም። ከጃንዋሪው ሰልፍ በኋላ ሦስት ሰዎች በጥይት በመቁሰላቸው ለአንድ ሰልፍ ለፖሊስ ጥበቃ የሚከፈለው ክፍያ ከ1200 ዶላር ግድም ወደ 4445 ዶላር ከፍ አለ። ቤቱ በፈረሰበት ሰው ላይ ይህን መጣል ክለቦቹን እንደመዝጋት ነበር። ክለቦቹ በጋራ ሆነው፣ የሰብዓዊ መብት ጠበቆች ረድተዋቸው፣ በ2006 ክስ አቀረቡ፤ በ2007 በተደረገው ስምምነትም ክፍያው ወደ 1985 ዶላር ወረደ። በእኔ ግምት ከተማይቱ ለመልሶ ግንባታ ካወጣችው ገንዘብ አንጻር በዚህ ክርክር የታየው ስስት የሚያስገርም ነው። ለግንብ ቢሊዮን ይፈቀዳል፤ ግንቡ የሚጠብቃቸውን ሰዎች ለሚያሰባስበው ማኅበር ግን የፖሊስ ሒሳብ ይቀርብበታል። በኋላ የከተማይቱ የጃዝና የቅርስ ድርጅት ለክለቦቹ የሰልፍ ወጪ ድጎማ መስጠቱ ጉድለቱን በከፊል ሸፍኗል።

ከሎወር ናይንዝ ዋርድ ሰዎች አንዱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሮናልድ ሉዊስ ከ30 ዓመት በላይ የከተማይቱን የጎዳና ባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ የኖሩ ሠራተኛ ሲሆኑ የቢግ ናይን ክለብ መሪ ነበሩ። በጓሯቸው ውስጥ የክለቦቹን ልብስ፣ ማራገቢያና ፎቶግራፍ የሰበሰቡበትን ትንሽ ቤተ መዘክር ካትሪና ጠራርጋ ወሰደችባቸው። በ2006 የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች መጥተው ቤቱን ከእርሳቸው ጋር መልሰው ሠሩት። ገና መብራት ባልገባበት ሠፈር ውስጥ በመጀመሪያ ከተሠሩት ነገሮች አንዱ ቤተ መዘክር መሆኑ በእቅድ ባለሙያ ዘንድ ቅደም ተከተሉን የሳተ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ተመላሹ ሰው የሚመጣበት፣ ተቀምጦ የሚጠይቅበት ደጅ ያ ነበር። ሉዊስ በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ አረፉ።

ከካትሪና በኋላ ወደ 14.5 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶ አዲስ መከላከያ ተሠራ፤ በምሥራቁ በኩል ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የማዕበል መመለሻ ግንብ አለው። ኦገስት 29 ቀን 2021፣ ልክ በ16ኛው ዓመት፣ አይዳ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ይህ መከላከያ አልተሰበረም። የተሰበረው ሌላ ነበር። ወደ ከተማይቱ የሚገቡት 8ቱም የከፍተኛ ኃይል ማስተላለፊያ መስመሮች ተቋረጡ፤ አንደኛው ማማ ተገንድሶ ሚሲሲፒ ወንዝ ውስጥ ወደቀ። በከተማይቱ ሰው የሞተው በአብዛኛው በውሃ ሳይሆን በሙቀትና ከጄኔሬተር በሚወጣ መርዘኛ ጢስ ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ በየቤታቸው የነበሩ አረጋውያን ናቸው፤ ውሃን የሚመልስ ግንብ በር አንኳክቶ «እንዴት ነዎት?» አይልም።

ከአይዳ በኋላ በየሠፈሩ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትና የሕዝብ ማኅበራት በጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ኃይል መሣሪያና ባትሪ እየተከሉ «የማኅበረሰብ ፋኖስ ቤት» የሚሏቸውን ጣቢያዎች ማቋቋም ጀመሩ። መብራት ሲጠፋ ጎረቤት መጥቶ ስልኩን ይሞላል፣ መድኃኒቱን በቅዝቃዜ ያቆያል፤ ፈቃደኞችም ብቻቸውን የሚኖሩትን በየደጃቸው ሄደው ይጠይቃሉ። ለዚህ ሥራ ባትሪው በኪሎዋት ሰዓት፣ ጣሪያው በካሬ ሜትር ይሰላል። የሚጠየቁት ሰዎች ዝርዝር ግን የሚገኘው እንደ ክለቦቹ ባሉ ሰዎች ዘንድ ነው።

ያንግ ሜን ኦሊምፒያን ዛሬም ዓመታዊ ሰልፉን የሚያደርገው በሴፕቴምበር ወር፣ ዐውሎ ነፋስ በሚበረታበት ወቅት፣ በእሑድ ቀን ነው። ከባድ ዝናብ ከሆነ ለሌላ እሑድ ይተላለፋል።