አልጋ ከመድኃኒትነት የተሻረበት ታሪክ

ባለፈው ወር ኳስ ስጫወት ቁርጭምጭሚቴን ወለም አለኝ። እያነከስኩ ቤት ስደርስ ምክር እንደ ጉድ ጎረፈ። የሰፈር ልጆች «በረዶ ያዝበት» አሉ፣ ጎረቤታችን «ወጌሻ ጋ ውሰዱት» አሉ፣ እናቴ ደግሞ «አርፈህ ተኛ» አለች። እናት አሸነፈች። ሳምንት ሙሉ ተኛሁ። ስነሳ እግሬ እንደ ደረቀ እንጨት ግትር ብሎ ጠበቀኝ።

በእናቴ አልፈርድም። ለረጅም ዘመን ሐኪሙም የሚለው ያንኑ ነበር።

የበረዶው ታሪክ አጭር ነው። በ1978 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጌብ ሚርኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ስለ ስፖርት ሕክምና በጻፈው መጽሐፍ አራት ነገር አዘዘ፦ ዕረፍት፣ በረዶ፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ። የአራቱ የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ሩዝ» የሚል ቃል ስለሚወጣቸው ለማስታወስ ይመቻል፤ ምክሩም ዓለምን አዳረሰ። ከ36 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ራሱ ሚርኪን ሐሳቡን ቀየረ። በረዶውም ሙሉ ዕረፍቱም መዳንን ሊያዘገዩ ይችላሉ አለ። ለካ እብጠቱ ራሱ የጥገናው ክፍል ነው፤ የተጎዳውን የሚጠግኑት ሕዋሳት የሚደርሱት በዚያው ነው። በረዶ ሕመም ያደነዝዛል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይህም ቀላል አይደለም፤ ግን አይጠግንም። በ2019 በእንግሊዝ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው አዲስ ምክር በረዶን አስወጥቶታል፣ እግርን መጠበቁንም ከ1 እስከ 3 ቀን ወስኖታል። ከዚያ ቀስ እያሉ መርገጥ ነው።

አልጋው ግን ከበረዶው ቀድሞ ነው ፈተና የገባው፤ ያውም በወገብ ሕመም። በ1986 አሜሪካ ውስጥ ሪቻርድ ዴዮና ባልደረቦቹ 203 የወገብ ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ 2 ቀን፣ ግማሾቹ 7 ቀን ተኙ ተባሉ። በሕመሙ ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ የታየው ሥራ ላይ ነው፦ 2 ቀን ተኙ የተባሉት ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት በ45 በመቶ አነሱ። በ1995 ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ 186 የከተማው አስተዳደር ሠራተኞችን ለሦስት መደቧቸው። አንዱ ክፍል 2 ቀን ይተኛል፣ አንዱ የወገብ ስፖርት ይሠራል፣ ሦስተኛው የቻለውን ያህል የዘወትር ኑሮውን ይኖራል። ከሁሉ የተሻላቸው ሦስተኞቹ ናቸው። የተኙት ኋላ ቀሩ። (የጂም ክፍያ የከበዳችሁ፣ ይህን ጥናት ቆርጣችሁ አስቀምጡ።)

የተሰበረ አጥንት ሌላ ጉዳይ ነው፤ መርገጥ ካቃታችሁ ራጅ ተነሱ። ስብራትን ጥብቅ አድርጎ የሚያስር ወጌሻ ጋ ሄደው፣ ደም መመላለሻ አጥቶ እጅና እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በአገራችን አሉ።

የሚገርመው፣ አልጋ እንደሚጎዳ ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ከወገብ ሕመም እጅግ በከፋ ጉዳት ላይ ያየ ሐኪም ነበር። ሉድቪግ ጉትማን ይባላል፤ ከናዚዎች አምልጦ እንግሊዝ የገባ ጀርመናዊ አይሁድ። በ1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል እንዲመራ ተሰጠው። በዚያ ዘመን አከርካሪው የተመታ ወታደር ተስፋ የተቆረጠበት ነው። አልጋ ላይ ይተዉታል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድለውም ጥይቱ ሳይሆን መኝታው ነበር፦ ከመተኛት ብዛት የሚመጣ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ጉትማን ሌሊትም ሳይቀር በየ2 ሰዓቱ ይገለበጡ አለ። ቀጥሎ ኳስና ቀስት አስያዛቸው። የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ ጁላይ 29 ቀን 1948፣ 16 ጉዳተኞችን በሆስፒታሉ መስክ ላይ በቀስት አወዳደረ።

ውድድሩ እያደገ በ1960 ሮም ሄደ። አዎ፣ ያቺው ሮም። አበበ ቢቂላ በሴፕቴምበር 10፣ በእኛ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈ በ8ኛው ቀን፣ 400 ያህል ባለ ተሽከርካሪ ወንበር ስፖርተኞች በዚያችው ከተማ ውድድር ጀመሩ። ፓራሊምፒክ የምንለው ከዚያ ይቆጠራል።

ያኔ ሁለቱን ማን ያገናኛቸው ነበር? በማርች 1969 አንድ ምሽት አበበ የሚነዳው ቮልስዋገን ተገለበጠ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ ሲላክ የገባው እዚያው ስቶክ ማንደቪል ነው። መጀመሪያ ጭንቅላቱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ከወራት በኋላ እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው በጉትማን ውድድር በወንበሩ ላይ ሆኖ ቀስት አነጣጠረ። በ1971 ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር በእንግድነት ተጋብዞ ኖርዌይ ሄደ። እንግዳ ነህ ቢባልም ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ ውሾች በሚጎትቱት ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ።